ጥሬ ቲማቲም

በደርግ ጊዜ ዶሮ ማነቂያ እንኖር ነበር። ባሌ በሥላሴ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲያብብ ማስነጠስ ይጀምራል፤ ዓይኑ ይቀላል። ሰው ሁሉ ብርድ ነው ይላል፤ እኔም ብርድ ነው እል ነበር።

በቲማቲም ፍትፍት እጄን የሚያማ አልነበረም። ለጽጌ ጾም ቲማቲሙን ጥሬውን ከትፌ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በእንጀራ ለውሼ አቀርብለታለሁ። ሦስት ሳላጎርሰውም አልለቀውም። አንድ ዓመት ግን ባጎረስኩት ቁጥር ከንፈሩ ያብጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ምነው?» ስለው «ቃሪያው በረታብኝ» ይላል። ቃሪያውን ተውኩት፤ ከንፈሩ ግን ማበጡን አልተወም።

አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ «የሰው ዓይን ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ማታ ሲመጣ እራቱን ነካክቶ «ክበብ በልቻለሁ» ማለት አብዝቷል። የመሥሪያ ቤቱ ክበብ አንዲት ልጅ እግር ፈት ሴት ወጥ ሠሪ ቀጥሯል፤ ሙያዋን ያመሰገነልኝ ራሱ ነው፣ ሞኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ አንድ አርብ በምሳ ሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ጾም በመሥሪያ ቤት ጮክ ተብሎ አይወራም፤ ክበቡ ግን አርብ አርብ ዝም ብሎ የጾም ይሠራል። ባሌ ጥግ ይዞ የቲማቲም ወጥ በእንጀራ ይጠቀልላል። ጉሮሮውን አይጠርግ፣ ከንፈሩ አያብጥ። እርር ድብን አልኩ። እኔ ሳጎርሰው የሚያብጥ ሰው የእሷን እንዴት ተስማማው?

ወጥ ሠሪዋ ማንነቴን ሰምታ መጣች። «ይግቡ እንጂ እትዬ። ጋሼ ጥሬው አፋቸውን እንደሚያሳክካቸው ስለነገሩኝ በደንብ አብስዬላቸው ነው።»

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ጎትቼ ወሰድኩት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማስነጠሱ ነው። የሣር አበባ ብናኝ የሚያስቆጣው ሰውነት አንዳንዴ ጥሬ ቲማቲምንም ያው ብናኝ ይመስለዋል፣ ሲበስል ግን ያ የሚመሳሰለው ነገር ይጠፋል አለን። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው የኖርኩትን?» አለ ባሌ። በጎልማሳነትም ይጀምራል አለው።

እንግዲህ ውሽማ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወደ ፒያሳ ስንወጣ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ስታጎርሺኝ ደስ ይልሻል። ላስቀይምሽ አልፈለግኩም።»

ሌላ ሴት ብትሰማው ፍቅር ትለዋለች። እኔ የባሰ ቀናሁ። እኔ ጋ ከንፈሩ እያበጠ ይውጣል፤ ለእሷ ግን አፌን ያሳክከኛል ብሎ ነገራት። ቢወሽማት እንኳ እጣላው ነበር፤ በዚህ ምን ብዬ ልጣላው?

በማግስቱ ቲማቲሙን ሽንኩርቱ ላይ ጨምሬ ዘይቱ እስኪወጣ አበሰልኩት። አንዴ ጎረሰ፤ ጠበቅኩ፤ ከንፈሩ ደህና ነው።

«ቁርጥ የክበቡን» አለኝ፣ ማመስገኑ ነው።

ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት።