ፀሐይ የሚለምነው ፊልም

ዘመኑ 1965 ነው፤ እኔ ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ጽሕፈት የያዝኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቻለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት ውስጥ፣ ንጋት

ከመካነ ሰላም ስንነሳ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በቅሎዬን የተከራየው ከደሴ በጭነት መኪና የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ጫንኩ። ፊልሙን ሙቀት እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልሎ ጭድ ውስጥ ቀብሮታል።

ከላላ በሚባል አገር ያለችው እህቴ የሺ ተርባለች የሚል ወሬ ከመጣ ሰንብቷል። የቀረን እህል ለሰኔ ያስቀመጥነው የዘር ገብስ ብቻ ነው። ባለቤቴ እሱን እንዳልነካ ለምናኛለች። አስተማሪውም ተው አለኝ፤ የማነሳው የረሃብተኛ ፎቶ አዲስ አበባ ከታየ መንግሥት ረሃቡን መካድ አይችልም፣ እህል በመኪና ይመጣል አለ። አመንኩት። ለእህቴ አንድ ቋጠሮ ቆሎ ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት

አቧራ፣ ድንጋይ፣ የደረቀ ጅረት። በሬውን እየነዳ የሚሄድ ሰው አገኘንና የት ነው ብንለው፣ በአንድ ቁና ገብስ የሚለውጠኝ ባገኝ ብዬ ነው አለ። በሬውም እሱም አጥንት ናቸው።

አስተማሪው ስለ ፊልሙ ሲያወራ ድካሙን ይረሳል። ይህ ፊልም ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ነው፣ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ሰው ከተነቃነቀም ይበላሻል አለኝ። ሥዕሉ ወረቀት ላይ አይወጣም፤ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከነቀለሙ የሆነ፣ የአውራ ጣት ያህል ነገር ነው። በመብራት ግድግዳ ላይ ሲጥሉት ግን ቤት ያህላል፤ የክር ጫፍ እንኳ አይስትም።

ዓርብ፣ ከላላ አጠገብ

የሺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ለመለየት ቸገረኝ። ቀሚሷ ቡትቶ ሆኗል። አስተማሪው እንዳለች ሊያነሳት ሲል ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አያ፣ ተራብኩ እንጂ ባለጌ አልሆንኩም» አለችኝ።

ቆሎውን እጇ ላይ አኑሬ ጋቢዬን አውልቄ አለበስኳት። አስተማሪው ተቆጣ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰች ሴት ተርባለች ብል ማን ያምነኛል አለ። እንዲህ ካላነሷት በቅሎዬን ይዤ እመለሳለሁ አልኩት። ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። የክር ጫፍ የማይስት ፊልም አጥንት ብቻ የቀረውን አንገቷንና እጇን ይስታል?

ማቆሚያውን እንደተከለ ደመና መጣ። ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጥተው አንጋጠጡ። እሱም አንጋጦ፣ እባክህ ግለጥልን ይላል። የሺ ሳቀች።

«እኛ ዝናብ ስንለምን ከረምን፤ ፀሐይ የሚለምን ሰው ዛሬ አየሁ።»

ደመናው ጠብ ሳይል አለፈ። የአስተማሪው ጸሎት ሰመረ፣ የእነሱ ቀረ። እንዳትነቃነቂ አላት።

«አብሽር ልጄ፣ ለመነቃነቁስ አቅም የት አለኝ» አለችው።

ጎረቤቶቹም እኛንስ አሉ። ያችው ጋቢ ከትከሻ ትከሻ እየዞረች ፊልሙ አለቀ። ስንሄድ ለየሺ ተውኩላት።

እሑድ፣ መካነ ሰላም

ሁለታችንም እግራችን አብጦ ገባን። ሥዕሉ መቼ ይወጣል ብዬ ጠየቅሁት። አገራችን ውስጥ አይታጠብም፣ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ይላካል፣ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል አለኝ።

«እስከዚያ የሺስ፣ መምህር?»

ፊልሙን በእጁ አገላበጠ። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተሳፍሮ ሄደ። ሥዕሉን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ያየሁትን ነገርኳት። ስለ ጋቢዬ ብቻ ጠየቀችኝ።

ሰኞ ሲነጋ ጎተራውን ከፈትኩ። ባለቤቴ የስልቻውን አፍ ይዛልኝ የዘር ገብሱን ሞላሁና በበቅሎዋ ጭኜ ወደ ከላላ ተመለስኩ።