እትዬ ትሙት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አርባ ዓመት አብሬው ለኖርኩት ባሌ ሳልነግረው ቀበርኩት። ለልጆቼም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤት መኳረፌን አንድ በአንድ ስናዘዝ ይቺን አንዷን ዘልያት አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ የቀረ የለም ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። ስንት ጊዜ «የለም» እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ስለማላውቃችሁ ነው መሰለኝ የደፈርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ኮልፌ ባህር ዛፍና ጭቃ ነበር፤ አልፎ አልፎ የሣር ቤት ይታያል። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የምኖረው በወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ ከአገር ቤት ቃጫ እያስመጣ ለገመድ ሠሪዎች የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ከወር ሁለቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ቤት የምንውለው ሚስቱ ወርቄ፣ አንድ ልጃቸው አስካለና እኔ ነን። አስካለ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። የአባቷ እህት ብሆንም በዕድሜ ብዙ ስለማልርቃት «እትዬ» ትለኛለች። ስሄድ ትከተለኛለች፣ ስቀመጥ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ነጠላዬን የማጣፋበትን መንገድ ሳይቀር ትቀዳለች።

የአስካለ ቆዳ ምንም ነገር አይችልም። አዲስ ጋቢ ከለበሰች አንገቷ ይቀላል። በፊተኛው ዓመት ሴቶች ልጆች ለበዓል እንሶስላ ሲሞቁ እሷም አልቅሳ አስፈቅዳ ሞቀች፤ በማግስቱ እጇ አብጦ በዓሉን በጨርቅ ተጠቅልሎ ዋለ። ኩል ተኳለች፣ ዓይኗ ለሁለት ቀን አልተገለጠም። ከዚያ ወዲያ ወርቄ ፊቷን በለብታ ውሃ ብቻ ነው የምታጥባት። አናቷ ላይ ቅቤ ስታደርግላት እንኳ ወደ ግንባሯ እንዳይወርድ በሻሽ ጠፍራ ታስረዋለች። ልጅቷ የጓደኞቿን ቀያይ ጣቶች እያየች ትመጣና «እትዬ፣ እኔስ መቼ ነው የማምረው?» ትለኛለች። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አላወቀችም እንዳትሉኝ ነው። አውቅ ነበር። ከእናቷ ቀጥሎ የዚያችን ልጅ ቆዳ እንደኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ከተማ ወርጄ ለአንዲት ጣሊያናዊት ልብስ አጥባለሁ። ሲኞራ የምንላት ይህች ሴት መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ መስታወት አላት፤ ከመስታወቱ ሥር ባለው መሳቢያ የፊት ዱቄትና በትንሽ ቆርቆሮ የተቀመጠ ቀይ ቀለም አለ። ተቀብታ ስትወጣ ፊቷ ላይ አንዲት ነጥብ አይታይም። እኔ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ልዳር ነው። ሙሽራዬን አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱም ከሩቅ። ጉንጬ ላይ ማድያት ነበረብኝ፤ ማድያቱን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዱቄቱ በወረቀት ቋጠርኩ፣ ከቀዩም በጣቴ ጠርጌ በሌላ ወረቀት አደረግሁ። ሰረቅሁ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ዕቃ የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ መንገዱን ሙሉ የሚያልፈው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረው ወታደር ሁሉ፣ የሚፈትሸኝ እየመሰለኝ ኮልፌ ደረስኩ።

ወርቄ ገበያ ሄዳለች። አስካለ ብቻዋን ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠራኋት፣ «ነይ ላሳምርሽ» አልኳት።

ለብዙ ዓመት ለራሴ የምነግረው ለልጅቷ አዝኜላት ነው እያልኩ ነው። ጓደኞቿ ሲያጌጡ ቁጭ ብላ ስታይ አንጀቴን በልታው ነው እያልኩ። ውሸት ነው። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ይህን የፈረንጅ ነገር ለሰርጌ ቀን ከመቀባቴ በፊት ማወቅ አለብኝ፣ ፊቴ ቢያብጥብኝስ? የአስካለ ቆዳ ደግሞ ሁሉን ያውቃል። እሷን ካልነካት እኔን አይነካኝም። ያቺን ልጅ መሞከሪያ አደረግኋት። በራሴ ክንድ ላይ ትንሽ መቀባት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። እኔ ግን ፊቴን ወደድኩ፣ የእሷን ፊት ሰጠሁ።

ከዚያው ባመጣሁት በሲኞራ ሳሙና አጠብኳት። ዱቄቱን በጥጥ አድርጌ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን፣ አገጯን አዳረስኩት። ቀዩን በጉንጯና በከንፈሯ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች። የተሰበረች መስታወቴን ስሰጣት ወዲያና ወዲህ እያዞረች ራሷን አየች። ከዚያ ቀና አለችና «እትዬ፣ አምሮብኛል?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ጉንጯን ወደ ብርሃን አዙሬ ቀላ ወይ አልቀላ እያልኩ ስመረምር ነበር። ደግማ ጠየቀችኝ። «ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ» አልኳት።

ወርቄ ሳትመጣ አጠብኳትና ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። «እትዬ ትሙት አልናገርም!» አለች። ሁላችን በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ እንምላለን፣ እማዬ ትሙት፣ አባዬ ይሙት እያልን። እኔም ከአፍ የወጣ ነገር ነው ብዬ አልፌው ወደ ሥራዬ ገባሁ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ፊቷ አልቀላም። ደስ አለኝ። ወርቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛት ሄደች፣ ሲመለሱም ሽሮ በትኩሱ በልታ ፀሐይ ላይ ስትጫወት ዋለች። ወደ ማታ ግን ጉንጯ ተቆጣ። ሰኞ በውሃ የተሞሉ ትንንሽ ነገሮች ከግንባሯ እስከ አገጯ ወጡባት። ወርቄ ገና ስታያት «ምች ነው! ትኩስ በልታ በዚያ ፀሐይ! የት ሄጄ ነው እኔ?» አለች። ሮጣ ከጓሮ ዳማከሴ ቆረጠች፣ በመዳፏ አሸችና በዚያ በቆሰለ ፊት ላይ ጨመቀችው። ማንም የኮልፌ እናት የምታደርገውን ነው ያደረገችው። አስካለ ጮኸች። እኔ እጇን ያዝኩላት። እጇን የያዝኩላት እኔ ነኝ፣ ምች አለመሆኑን የማውቀው እኔ። ማክሰኞም ደግመን ጨመቅንባት። ረቡዕ ፊቷ ሁሉ ያዥ ነበር፣ ትንሽ ትኩሳትም ጨመረ።

ያን ሰሞን ከወንዝ ማዶ ፈንጣጣ ገባ ይባል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም፣ አንድ አስተርጓሚና ሁለት አስካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እኛ ዘንድ ደረሱ። ሐኪሙ አስካለን ሲያይ ወደ ኋላ አለ። ወርቄ እግሩ ሥር ወድቃ «ምች ነው ጌታዬ፣ ምች ብቻ ነው!» አለች። አስተርጓሚው ምችን ምን ብሎ ይንገረው? ትከሻውን ነቀነቀ። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አሰበ መሰለኝ፣ አስጠየቀ። አስተርጓሚው ወደኛ ዞሮ፣ «ፊቷን የተቀባችው ነገር አለ ወይ ነው የሚለው። ቅባት፣ መድኃኒት፣ ማንኛውንም ነገር» አለ።

ወርቄ «ዳማከሴ ብቻ ነው፣ እሱም ከወጣባት በኋላ» አለች። አስተርጓሚው እኔን አየኝ። «አንቺስ የምታውቂው አለ?»

አስካለ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች። የዱቄቱ ወረቀት ጉያዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማሳየት ነበረብኝ፣ አንድ እጅ ማንሳት ብቻ። እስር ቤቱ ታየኝ። ጅራፉ ታየኝ። ሰርጌ ታየኝ፣ «ሌባ ናት» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ። አስካለ ግን አልታየችኝም፣ ፊት ለፊቴ ተኝታ።

«የለም» አልኩ።

ወሰዷት። ከባህር ዛፉ ወዲያ ፈንጣጣ የያዛቸውን የሚያቆዩበት በእሾህ የታጠረ የድንኳን ሰፈር ነበር። ወርቄ መንገድ ላይ ተንከባለለች። ወንድሜ ከመንገድ ሲመለስ ልጁ የለችም። በየቀኑ እኔና ወርቄ ምግብ ይዘን እንሄዳለን፣ ዘበኛው ከአጥሩ ማዶ ይቀበለናል። በመጀመሪያው ሳምንት አስካለ ወጥታ ከሩቅ ታየን ነበር። ፊቷ እየደረቀ፣ እየዳነ ነበር! ወርቄ «ዳማከሴው ሠራ» ብላ እልል አለች። አስካለ ግን የምታየው እኔን ነው። ቀስ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ እኔ ባሳየኋት ዓይነት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት። ጎበዝ፣ እንደዚያው ሁኚ አልኳት ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አልወጣችም። ዘበኛውን ስንጠይቀው «አሁን ገና ያዛት» አለን። ጤነኛ ገብታ ፈንጣጣው እዚያ ያዛት።

ፋሲካ ያለ እሷ ዋለ። እኔ ተዳርኩ። ወንድሜ ይዘግይ ቢልም የሙሽራው ወገኖች ቀን ተቆርጧል ብለው እንቢ አሉ። ዱቄቱን ግን አልተቀባሁም፤ ገና አስካለ የተወሰደች ዕለት ከነወረቀቱ ጉድጓድ ጥዬዋለሁ። ከጸጸት ብጥለው ምንኛ ጥሩ ነበር። የጣልኩት ፊት እንደሚያበላሽ ስላየሁ ነው። ሙከራው ለእኔ ሠራልኝ፣ ተረዳችሁኝ? ሰርገኛው ሁሉ ፊቷ እንዴት ያምራል እያለ አወደሰኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

አስካለ ክረምት ሊገባ ሲል ተለቀቀች። ፊቷ እንደተወቀረ ድንጋይ ሆኖ፣ ግራ ዓይኗ ነጭ ለብሶ። ልጠይቃት ስሄድ ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አልተናገርኩም» አለችኝ። «ሐኪሙ ሁለቴ አስጠየቀኝ። ብናገር ትሞቺብኝ ነበር።» ልጅ ናት፣ መሐላዋን አምናለች። በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በግራና በቀኝ ሲሞት፣ እኔን በሕይወት ለማቆየት አፏን ዘግታ ከረመች። ታዲያ ያኔ እንኳ ተነስቼ ለእናቷ አልነገርኩም። ምን ጠበቅሁ? ጣሊያን እስኪወጣ? ጣሊያን ወጣ። ወንድሜ እስኪሞት? ሞተ። ወርቄ በመጨረሻ አልጋዋ ላይ እጄን ይዛ «በዚያ ፀሐይ ባልተዋት ኖሮ» እያለች ስታለቅስ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። እውነት ነው የተናገርኩት። የማን እንደሆነ ግን አልጨመርኩላትም። ራሷን እንደከሰሰች ሞተች።

አስካለ አገባች፣ ወለደች፣ ዛሬ አስኮ ሰፈር የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ቤቷ ውስጥ መስታወት የለም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ግን በመጣች ቁጥር ዛሬ ታነሳዋለች እያልኩ ስፈራ ኖሬአለሁ፤ ስትሄድ እፎይ እላለሁ።

በዚህ ሁዳዴ ታምሜ እዚህ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ልጄ ቤት ተኝቼ ሳለሁ በታክሲ መጣች፣ የአጃ ሾርባ ይዛ። በማንኪያ አጠጣችኝ። ልጄ ወጣ ስትል አጠገቤ ተቀመጠችና በዚያች በቀረችው ዓይኗ አየችኝ።

«እትዬ» አለች፣ «ያን ዕለት አምሮብኝ ነበር እንዴ?»

የተኛሁ መሰልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን አስረዘምኩ። እሷም ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካክላ ቀስ ብላ ወጣች።

ስለዚህ ነው የጻፍኩት። ልጄ ወስዳ ታንብብላት፣ እናንተም የሰማችሁ ምስክር ሁኑብኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታ የምትጠየቀው ወርቄ ሞታለች፣ አስካለ ደግሞ ብጠይቃት ወዲያው ይቅር ትለኛለች፣ ያንን ደግሞ አልችለውም። የጠየቀችኝን ብቻ ልመልስላት። አስካለ፣ ጉንጭሽን ሳገላብጥ አላየሁሽም ነበር፤ በኋላ ግን በየቀኑ ሳይሽ ኖርኩ። አዎ፣ አምሮብሽ ነበር። ሳልቀባሽ በፊትም።