ልብዎ የት ጋ ነው?

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴ የግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ፣ ጨረር ከወሰደች ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ሐኪሟ፣ «ጨረሩ በግራ በኩል ስለሆነ ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ቆይቶም ቢሆን ትንፋሽ ካጠራት ልቧን አስመርምሩ» ብሎን ነበር። ሰሞኑን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ትተነፍስ ጀመር። «ልቤን፣ ልቤን» ስትለኝ ንፋስ መውጫ ከተማ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ያየን ወጣት ሐኪም ገና «ልቤን ያመኛል» ከማለቷ የጨጓራ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ልቧን እኮ ነው ያለችህ!» አልኩት።

«እዚህ አገር ጨጓራውን የታመመ ሁሉ ልቤን ነው የሚለው» ብሎ ሳቀ።

ስለ ጨረሩ ብነግረው፣ «እሱማ ድሮ አለቀ!» ብሎኝ እርፍ። ጮህኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጠብ መስሎት በሩ ላይ ተኮለኮለ።

«እሺ እማማ፣ ልብዎ የት ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» አላት።

እናቴ በሩን አየት አደረገች። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ እጇን ከእምብርቷ በላይ አሳረፈች።

«አላልኩህም?» አለኝ።

ሰው ሳቀብኝ። የጨጓራውን ኪኒን ይዘን እንደወጣን ንዴቴን እሷው ላይ ተወጣሁ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? ልብሽ ሆድሽ ላይ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው አፍጦ እያየኝ፣ የሌለ ጡቴን ልንካለት ኖሯል?»