ለአንድ ጥያቄ ሽምግልና

እኔ የማስተምረው አንድ ነገር ነበር፤ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በጥናት የተደገፈ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ። «ያዘዘው ማንም ይሁን ማን፣ ማስረጃው የታለ በሉ» እላቸዋለሁ የሕክምና ተማሪዎቼን። ደሞ እንዴት እንደምኮራ!

ታዲያ አንዱ ተማሪዬ እውነት መስሎት ጠየቀ። በሕፃናት ክፍል የጠዋት ጉብኝት ላይ፣ ሁላችንም አልጋውን ከበን ቆመን ሳለ፣ እኔንም ያስተማሩኝ አንጋፋ ፕሮፌሰር ደም ለሌለው ተራ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አዘዙ። ተማሪዬ በትሕትና «ፕሮፌሰር፣ ለዚህ ማስረጃው ምንድን ነው?» አላቸው።

«ማስረጃው ይኸው ሽበቴ ነው!» ብለው ጥለውን ወጡ። ውጤት የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ «ስድ ነው፣ ዓመቱን ይድገም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

ልጁ ትክክል ነበር፤ እንዲህ ያለው ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አያሻውም። ይህንኑ ለክፍሉ ኃላፊ ብነግረው፣ «ትክክል አይደለም ያለህ ማነው? ሽማግሌ ላኩባቸው እንጂ» አለኝ። ጉድ እኮ ነው! ያ ሁሉ ጥናት ተነቦ ነገሩ የሚያልቀው በሽምግልና።

የልጁ አባት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የሰፈራቸውን ቄስ ይዘው ከእንጦጦ ማርያም ወርደው መጡ። «ሦስተኛ ሽማግሌ እርስዎ ይሁኑልን» አሉኝ። እምቢ ብል ልጁ ዓመት ሊቃጠልበት ነው። እሺ ብል ደግሞ በገዛ አፌ ያስተማርኩትን ጥፋት ነው ልል ነው። መውጫ አጣሁ። እሺ አልኩ።

እሑድ ለታ፣ ለባቡሩ መንገድ የሚቆፈረውን የሲ.ኤም.ሲን አቧራ ጠጥተን፣ ልጁን ይዘን ፕሮፌሰሩ ቤት ደረስን። «ኧረ ተቀመጡ» ቢሉን፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና እንደቆምን ቀረን። ቄሱ «ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል» ብለው ጀመሩ። ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«አጥፍቷል፣ ይማሩት» አልኩ። አፌ መረረኝ።

ልጁ ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ፕሮፌሰሩ እንባ አቅርረው አቀፉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። «በቃ፣ አልፈሃል» አሉት።

ስንወጣ አባትየው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ልጄን አፉን መያዝ አስተማሩልኝ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።