ዳር ያድርስሽ

ልጅ ሳለሁ «ዳር» የሚለውን ቃል እፈራው ነበር። አባቴ ያኔ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ስለነበር፣ እናቴ «ሐይቅ ዳር እንዳትሄጂ፣ አዞ ይወስድሻል» ሳትለኝ ከቤት አልወጣም። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ደግሞ ከጎጃም መጥተው እኛ ሰፈር፣ ሲቀላ በሚባለው፣ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። መብራት በጠፋ ምሽት የሰፈሩን ልጆች ፍም ዙሪያ ሰብስበው፣ የበቆሎ እሸት እያገላበጡ ተረት ይነግሩናል፤ ሲጨርሱም በየተራ «ዳር ያድርስሽ፣ ዳር ያድርስህ» እያሉ ይመርቁናል። ሌሎቹ «አሜን» ሲሉ እኔ አፌን እዘጋለሁ።

አንድ ምሽት አስተዋሉኝ። «ምነው፣ አሜን አትይም?»

«አዞ ይበላኛላ!»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን እሸቱን አስቀምጠው «እስቲ አባትሽን ጠይቂው። ውሃ ላይ የዋለ ሰው ዳርን እንዴት እንደሚያያት እሱ ይነግርሻል» አሉኝ።

ሳልጠይቀው መልሱን በዓይኔ የማይበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ፣ የሌሎቹ ጀልባዎች ሲመለሱ የአባቴ ቀረ። ስልኩም አይሠራም። ያቺ ሐይቅ ዳር አትሂጂ ስትለኝ የኖረች እናቴ ራሷ እጄን ይዛ እየሮጠች ወሰደችኝ። ቀድመው የተመለሱት ዓሣ አጥማጆች የአባቴ ጀልባ አቅጣጫ እንዳይስት ደረቅ ሸምበቆ አንድደው ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ማዕበሉ እግራችን ሥር እየተሰበረ ቆምን። ሊጨልም ሲል አንዱ «ዳር ደረሰ! ዳር ደረሰ!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ከጀልባው ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከና በሁለት እጁ ዳበሰው። አማርኛውን ከጋሞኛ ጋር እያጋባ፣ እየሳቀ «ሐይቁ ዛሬ ተቆጣች» አለ። እናቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው አለቀሰች። እኔም ያን ጭቃ ረግጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

ካደግሁ በኋላ ቃሉን ብዙ ቦታ ሰማሁት፤ ሥራ ዳር ሲደርስ፣ ሰው ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ነገር ዳር ዳር ሲባል። ሁሉም ለእኔ የሸምበቆ ጭስ ይሸታል። አባቴ አሁን ሐይቁን ትቶ ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ሙዝ ያለማል። ክረምት በመጣ ቁጥር የወንዙ ሙላት ከማሳው ጥግ ቆርሶ ይወስድበታል፤ ውሃው ሲጎድል አባቴ እዚያው ወንዙ ዳር መልሶ ይተክላል። ዘንድሮ «አባዬ፣ ለምን ራቅ አድርገህ አትተክልም?» አልኩት።

ችግኙን አፈር እያለበሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል መለሰልኝ።

«ዳር ሰው አትጥልም።»