ሳያነቡ እንዳይሞቱ

ጠራዡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀደደ መጽሐፍ ሲጠግን ኖሮ አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አያውቅም ነበር። ይህን ሰምቶ የሚገረም አይጠፋም። ግን ምን ያስገርማል? አልጋ የሚሠራ አናጢ ሁሉ እንቅልፋም ይሁን ያለው ማን ነው? የእሱ ሥራ ክርና ሙጫ ነው። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚያወራ የሚያውቁ ሰዎች ላይኛው ፎቅ ሞልተዋል።

የሚሠራው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነበር። ብቸኛዋ መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነች በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወስፌ፣ ቆልማማ መርፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ የሙጫ ጣሳና ዕድሜው ከእሱ የሚበልጥ የብረት መጭመቂያ ተደርድሯል። ጀርባቸው የተሰበረ መጻሕፍት በጋሪ ይወርዱለታል፤ ከሳምንት በኋላ ጀርባቸው ቀንቶ ይወጣሉ። ላይ ያሉት ሰዎች «ሙጫ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙን ያመጣበት ጥፍሩ ሥር የማይለቀው ሙጫ ሳይሆን አንዴ ከተቀመጠ የማይነሣ መሆኑ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መንገድ አልፎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈሩ ሰዎችን ቀሚስ ታሰፋለች። አንድ ቀን ባሏ የረሳውን መነጽር ይዛለት መጣችና እስኪወጣ ድረስ ደረጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አነሣች። መደርደሪያው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነበር። ጠራዡ ወደ ላይ ሲመጣ ሚስቱ አላየችውም፤ መነጽሩን ከእጇ ወስዶ ወደ ሥራው ሲመለስም አላየችውም። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ መደርደሪያ አልተለየችም።

የዚያ መደርደሪያ አንባቢዎች የራሳቸው ሕግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ባለው፣ ከሽፋኑ ጋር በሚጣበቀው ባዶ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ቀጥሎ የትኛው መጽሐፍ መነበብ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ። ከአንድ መስመር አይበልጥም። የታሪኩን መጨረሻ ያወጣ ሰው አንድ ወር ሙሉ ማንም አያናግረውም። ከሁሉ የበለጠ ለሚሉት መጽሐፍ ደግሞ ክብ ይሠሩና «ሳያነቡ እንዳይሞቱ» ብለው ይጽፉበታል። «በመጽሐፍ ላይ መጻፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ልክ ከመደርደሪያው በላይ ተለጥፏል። ክልከላውን ማስከበር ያለባት የውሰት ጠረጴዛዋ ሠራተኛ ናት፤ እሷ ራሷ የምትጽፈው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው።

እዚያ የጠራዡን ሚስት «እትዬ ጠፈር» ይሏታል። የምትጽፈው ሁሉ ከሙያዋ አይርቅም። ማርስ ላይ ጉድጓድ ስለሚቆፍሩ ሰዎች በሚተርክ መጽሐፍ ጀርባ «ደራሲው መርፌ ይዞ አያውቅም፤ የጠፈር ልብስ በዚህ ዓይነት ክር ቢሰፋ ሁሉም በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልቁ ነበር፤ ቢሆንም አንብቡት» ብላለች። በሌላው ላይ «ሮቦቱን ካገባችው ሴትዮ ይልቅ ሮቦቱ አሳዘነኝ፤ ቀጥሎ ‹የደረቀው ባሕር ዘበኛ›» ብላለች።

ጠራዡ ይህን ልማድ አይወደውም ነበር። ለእሱ የኋላ ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ እድፍ ነው፤ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አያይም። መጽሐፍ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ወረቀት ገንጥሎ በነጭ መተካት ነው። ነጩ ወረቀት አንዲት እብጠት ሳይኖርበት ልጥፍ ሲል ደስታው ሌላ ነው። የውሰት ጠረጴዛዋ ሠራተኛ «ጋሼ፣ እባክዎ ወረቀቶቹን ይተዉልን» ብላ ስንት ጊዜ ለምናዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ።

እቤትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እራት ላይ ሚስቱ ያነበበችውን ልትነግረው ትጀምራለች።

«ዛሬ የት ደረሱ ሰዎችሽ?» ይላታል ውኃ እየቀዳ።

«ጨረቃን አልፈዋል።»

«እራታቸውን በልተው ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ጨርሼ ብነግርህ ምን ትሆናለህ?»

«እንቅልፌ ይመጣላ።»

ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ክፋት የለውም፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሯል፣ ነገም ትነግረኛለች ብሎ ነው።

ከዚያ ነገ የሚባለው ነገር አለቀ። ሚስቱ ጉበቷን ታመመችና በአራት ወር ውስጥ ሞተች። ጠራዡ ቅስሙ ተሰበረ። ሱቋን ዘጋ፣ የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ሰጠ፣ ወደ ምድር ቤቱም ተመልሶ ወረደ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የአልጋዋን ራስጌ መሳቢያ ሲከፍት ሳይመለስ የቀረ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ አገኘ። ሊመልሰው ወደ ላይ ወጣ።

መደርደሪያው ጋ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ ቆመው ነበር። ከአንባቢዎቹ ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ናቸው።

«እግዜር ያጥናህ» አሉት። ቀጥለውም፣ «እትዬ ጠፈር እኮ ላንተ አንድ መጽሐፍ መርጠውልህ ነበር። ‹ለባሌ የሚሆን አገኘሁለት፤ ሌላውን ሁሉ ቢተወው ይህን አንዱን ካነበበልኝ ይበቃኛል› ብለውኝ ነበር» አሉት።

«የትኛውን?»

«እሱንስ አልነገሩኝም። የእኔና የሱ ነው አሉ።»

ጠራዡ የያዘውን መጽሐፍ ጀርባ ገለጠ። የሚስቱ ጽሑፍ እዚያ ነበር፤ ወደ ሌላ መጽሐፍ ትመራለች። ያንን ከመደርደሪያው አወጣና ገለጠ፤ እዚያም አለች፣ ደግሞ ወደ ሌላ ትመራለች። ነገሩ ገባው። ጽሑፏን ተከትሎ ከሄደ ለእሱ ከመረጠችው መጽሐፍ መድረሱ አይቀርም። እንዲህ ጀርባ ጀርባውን እየገለጠ በሩብ ሰዓት መጨረስ ይችል ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን እጁን ሰበሰበ። እየሮጠ ከጨረሰው እሷም አብራ ታልቅበታለች። ስለዚህ አንድ በአንድ ሊያነባቸው ወሰነ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አምስት ሳምንት ፈጀበት። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። መጀመሪያ ተናደደ፤ ሰዎቹ ስማቸው የማይያዝ፣ መርከቦቻቸው ውል የሌላቸው ነበሩ። ኋላ ግን አንዱ ገጸ ባሕርይ አየር እያለቀበት ሲሄድ ጠራዡ ራሱን ሳያውቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ አየሩን ለምን አይቆጥብም?» አለ ጮክ ብሎ።

መልስ የሰጠው የለም። ያኔ ሚስቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለገችው ምን እንደነበር ገባው። «ከዚያስ?» የሚላት ሰው ነበር የፈለገችው። ይህችን ታህል ቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለ ለራሱ፤ ሆድ ብሶት እራቱን ሳይነካ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ግን ንባቡን አላቆመም። ለሁለተኛው መጽሐፍ አራት ሳምንት፣ ለሦስተኛው ሦስት በቃው። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ከአስተማሪውና ከውሰት ጠረጴዛዋ ሠራተኛ ጋር ስለ ሮቦቶች መከራከር ጀመረ። ሙጫ ከወንበሩ ተላቀቀ ብለው ሳቁበት። ዓመቱ ሲዞር ዐሥር መጽሐፍ አንብቧል፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ሚስቱ አንድ መስመር ጠብቃዋለች። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚያስባት እሷን ነው፤ ምን ብላ ይሆን እያለ። ሐዘኑ አልቀነሰም፤ የሚሄድበት መንገድ ግን አግኝቶ ነበር።

ዐሥራ አንደኛው «የጨው ከተማ» የሚባል ነበር። ከጀርባው እንዲህ ይላል፦ «ቀጥሎ ‹ዝምተኛዋ መርከብ›። የእኔ ጽሑፍ እዚያ ያበቃል፤ የባሌ ንባብ ከዚያ ይጀምራል።» ጠራዡ ይህን ያነበበው ማለዳ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ገቢ እሱ ነበር። «ዝምተኛዋ መርከብ»ን ከመደርደሪያው የላይኛው ረድፍ አወረደ። ከኋላ በኩል ገለጠው።

ነጭ ነው።

ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ አንዲት እብጠት የለችበትም፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ጠራዡ መጽሐፉን በጥንቃቄ ጀርባው እስኪታይ ድረስ ከፈተው። የክሩን ቋጠሮ ዐወቀው። እንደዚያ የሚቋጥር ሌላ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም።

መጽሐፉን ይዞ ወደ ውሰት ጠረጴዛው ሄደ። ሠራተኛዋ ገና ኮቷን እያወለቀች ነበር።

«ይሄን እኔ ጠርዤዋለሁ» አላት። «መቼ ነው ወደ እኔ የወረደው?»

መጽሐፉን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ይሄንማ ወደ እርስዎ ያስወረዱት እትዬ ራሳቸው ናቸው።»

«ተሰብሮ ነበር?»

«ምንም አልሆነም ነበር። እኔም ደህና ነው እኮ ብያቸው ነበር። ‹እሱ የሚያየው የተሰበረውን ነው› አሉና ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጀርባውን ሰበሩት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የኋላ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ጽፈውበት ነበር፤ ከአንድ መስመር በላይ ክልክል ነው ስላቸው ‹ይሄ ሕግ ለባል አይሠራም› ብለው ሳቁ። ለእርስዎ ስለሆነ አላነበብኩትም። የሚያነቡት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ የጻፉት እዚያ ላይ ነው። እኔ... ያነበቡት ነበር የመሰለኝ።»

ጠራዡ ያን ቀን አስታወሰው። እራት ላይ ሚስቱ ከወትሮው ቀድማ ተቀምጣ ነበር።

«ዛሬ ምን ሠራህ?» አለችው።

«አንድ የሰማይ መጽሐፋችሁን። አረመኔ ነው ጀርባውን የሰበረው።»

«ሌላ ምንም አላየህበትም?»

«አንዱ ወሬኛ የኋላ ወረቀቱን ሞልቶት ነበር። ገንጥዬ ጣልኩለት። አሁን ብታዪው እንደ አዲስ ነው።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ «አበጀህ፣ እጅህ እኮ ጥሩ ነው» አለችውና የእሱን ሳህን ከራሷ ጋር ደርባ አነሣች። ሐኪም ቤት የገባችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በአፏ ደግማ ለምን አልነገረችውም? ተቀይማ ይሆን? ወይስ ሌላ መጽሐፍ እሰብራለሁ ብላ ሳትችል ቀርታ? ጠራዡ ይህን የሚጠይቀው ሰው የለውም። ወረቀቱም ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር በዚያው ሳምንት ተጭኖ ሄዷል።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስተማሪው ነገሩን ሰሙ። እሳቸውና ሠራተኛዋ ጠራዡን መሐል አስቀምጠው የመረጠችለት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ መገመት ያዙ። አስተማሪው በከዋክብት መሐል ስለጠፉ ሁለት ሽማግሌዎች የሚተርከው ይሆናል አሉ። ሠራተኛዋ አይደለም፣ እትዬ ለባለ ሙያ ሰው የሚመርጡት ስለ ጨረቃዋ አንጥረኛ የሚተርከውን ነው አለች። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲጨምር ጠረጴዛው ላይ ስድስት መጻሕፍት ተቆለሉ፤ ሁሉም ክብ ያለባቸው፣ ሁሉም ሳያነቡ እንዳይሞቱ የተባለላቸው ናቸው።

ጠራዡ አንዱንም አልገለጠም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሚስቱ ምን እንደሚያስቃት፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለቀሰች ያውቃሉ። እሱ የሚያውቀው ሻይዋን በስንት ስኳር እንደምትጠጣ ነው። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ቀናባቸው።

«ስለ እኔስ የምትለው ነበር?» አለ በመጨረሻ።

ሁለቱም ተያዩ። አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አንድ ነገር ይሉ ነበር» አሉ። «‹መጻሕፍቱን እሱ ይነካቸዋል፣ እኔ አነባቸዋለሁ፤ አንድ ቀን አንዱ ላይ መገናኘታችን አይቀርም› ይሉ ነበር።»

ጠራዡ «ዝምተኛዋ መርከብ»ን ነጩ ወረቀት ላይ እንደተገለጠች ጠረጴዛው ላይ አኖራት። መዳፉን አሳረፈባት።

«ተገናኝተን ነበር እኮ» አለ። «እኔ ነኝ ቀና ያላልኩት።»