በረኪና የነካው ብርጭቆ

መሪማ ወልድያ ላይ የማይክሮባዮሎጂ መምህርት ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ስትድህ ስለነበር ያሳደጓት አክስቷ ሀስና ናቸው። መርሳ ገበያ ሽንኩርት እየሸጡ ለዚህ አበቋት፤ እሷም የምትጠራቸው “እማ” ብላ ነው።

ሀስና ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ ካወቁ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ አስተጓጉለው አያውቁም፤ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። መሪማ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለ ቫይረሱ ሰው የምታስተምረው እሷው ናት።

ባለፈው ግንቦት ሀስና ሊጠይቋት ወልድያ መጡ። ውሃ ጠጥተው ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት፣ የሁለት ዓመቷ የመሪማ ልጅ ልታነሳው እጇን ዘረጋች። መሪማ ብድግ ብላ ብርጭቆውን ነጠቀቻትና ወደ ማድ ቤት ይዛው ገባች። በረኪና ውስጥ ስትነክረው፣ ሀስና ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ከኋላዋ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

“በረኪና እጅ ይልጣል፣ ልጄ” አሉ። ሶላታቸውን ሰግደው ሻሻቸውን አስተካከሉና “መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ” አሉ። ቀኑ ገና ነበር፤ መርሳ የሚሄድ መኪና ደግሞ እስከ ማታ አይጠፋም። መሪማ “ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ?” አለች እንጂ ይዛ አላስቀረቻቸውም።

ሰኞ ክፍል ገብታ፣ ቫይረሱ በሴል ውስጥ አዲስ ቅጂውን እንዴት እንደሚገጣጥም ማስተማር ጀመረች።

“በሴሉ ውስጥ የሚርመሰመሰው አር ኤን ኤ አብዛኛው የሴሉ የራሱ ነው” አለች። “የቫይረሱ በጣም ጥቂት ነው። ታዲያ የቫይረሱ ፕሮቲን የራሱን እንዴት ለይቶ ያሽጋል? አክስቴ የሽንኩርት ጆንያቸውን አፍ በአረንጓዴ ጨርቅ፣ በራሳቸው አቋጣጠር ነበር የሚያስሩት። ጫኞቹ ከዚያ ሁሉ ጆንያ መሃል ቋጠሮውን አይተው የእሳቸውን ያነሳሉ። የቫይረሱም አር ኤን ኤ መነሻው አካባቢ እንደዚያ የተጣጠፈ ቦታ አለው። ፕሮቲኑ እሱን ለይቶ ይይዛል፤ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ያሽጋል። ተቆርጦ ያጠረው የቫይረሱ አር ኤን ኤ ግን ያንን ምልክት ስለሚያጣ በአብዛኛው ይቀራል።”

“አክስቴ” የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ፊቷ እሳት ሆኖባት ነበር። ይባስ ብሎ እየሩሳሌም የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

“መምህር፣ ይሄ ከሴል ውጭ ሊሆን ይችላል? ብርጭቆ ላይ ለምሳሌ?”

“አይችልም። መገጣጠሚያውን ሁሉ የሚያገኘው ከሕያው ሴል ነው። በብርጭቆ አይተላለፍም።”

“ታዲያ ሰዎች ለምን ይፈራሉ?”

ስለማያውቁ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ጀርባዋን ለተማሪዎቹ ሰጥታ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማጥፋት ጀመረች፤ ገና አልገለበጡትም ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መርሳ ወረደች። ሀስና ገበያ ውስጥ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። መሪማ አጠገባቸው በርከክ አለች።

“እማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።”

“እሱማ ነው የከፋኝ” አሉ ሀስና፣ እጃቸው ከሥራው ሳይቦዝን። “ጎረቤት ሲያደርገው አላወቀም እል ነበር። አንቺን ምን ልበል?”

ሀስና በእጃቸው የያዙትን ሽንኩርት ክምሩ ላይ አኖሩት።

“አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔም ብያለሁ። ቤትሽ ግን አሁን ነይ አትበይኝ፤ እግሬ እሺ አይለኝም።”

ተነሺ አላሏትም። ተነስታም አልሄደች፤ አጠገባቸው ተቀምጣ የሽንኩርቱን ደረቅ ልጣጭ ታራግፍ ጀመር። ፀሐዩ ሲበረታ አንዲት ደንበኛ መጥታ “ይቺ ማን ናት?” አለቻቸው።

“ልጄ ናት” አሉ ሀስና፣ ቀና ብለው። “የተማረች ናት። ወልድያ ስለ በሽታ ታስተምራለች።”

ሴትዮዋ “ማሻአላህ!” ብላ እጇን ዘረጋችላት። መሪማ እጇን ሰጠቻት፤ ቀና ብላ ማየት ግን አልቻለችም።